የእግር ልክ

«ጫማ» የሚለው ቃል መጀመሪያ የዕቃ ስም አልነበረም። ጫማ ማለት መሬት የሚነካው የእግራችን ሥር፣ ውስጥ እግራችን ነው። «ከእግር ጫማው እስከ ራስ ጠጉሩ» ስንል ዛሬም የምናወራው ስለ ሰውየው ገላ እንጂ ስለ ቆዳና ስለ ሶል አይደለም። ከላይ የሚጠለቀው ነገር «መጫሚያ» ነው። ኋላ እግር ስሙን ለዕቃው አስረከበና ዕቃው ራሱ ጫማ ተባለ። መቼም ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ቃል ሳይነቀንቅ ወደ ጉዳዩ አይገባምና ታገሱኝ። ቋንቋችን እግርንና መጫሚያውን በአንድ ስም ሲጠራ አንድ ነገር የገባው ይመስለኛል፤ እኛ ገበያ ስንወጣ የምንረሳው ነገር።

ገበያ ላይ ጫማ የምንገዛው በዓይናችን ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው ያምራል፣ ዋጋው ይከብዳል፣ ትንሽ እንከራከራለን፣ እግራችንን እናስገባለን፣ ጣታችን ይጨመቃል። ሻጩም «ሲደረግ ይለቃል» ይለናል። ይህች «ሲደረግ ይለቃል» የምትባል አባባል በአገራችን ስንት እግር እንዳቆሰለች ቢቆጠር ጉድ ነበር። ብዙውን ጊዜ ጫማው አይለቅም፤ የሚሸነፈው እግሩ ነው። ትንሿ ጣት ትታጠፋለች፣ ተረከዝ ይላጣል፣ ሰውየውም ከሠርጉ ቤት ጓሮ ዞሮ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል። ችግር የለም፤ ሲገባ ሰው ሁሉ አይቶለታል።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ዓይን ብቻውን ሊገዛው ስለማይገባ፣ አብዛኛው ዓይነቱም ለመራመድ ስላልተሠራ ጫማ ነው፤ ስለ ብስክሌተኛ ጫማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ታቦር የምትኖር እህት አለችኝ። በ2010 ዓ.ም. ልጇ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ባሕር ዳር ተምሯል። ባሕር ዳርን ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ልጅ አዋቂው ብስክሌት ይነዳል። እዚያ ሳለ አንድ ያገለገለ የውድድር ብስክሌት ገዛና ትምህርቱን ሲጨርስ ደብረ ታቦር ይዞት ወጣ። ወጣ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ቻይናውያን በደርግ ዘመን እስከ ወልድያ የሠሩት ጎዳና የመጀመሪያ ክፍል ሲሆን፣ ሰውን ወደ 900 ሜትር ሽቅብ ያስወጣል። ልጁ በማለዳ ቁልቁል ወረታ ይወርድና ሽቅብ ይመለሳል። በምን ጫማ? በሸራ ጫማ። ሶሉ ፔዳል ላይ ከመታጠፉ ብዛት እንደ እንጀራ ጥቅል በሆነ ሸራ ጫማ።

ሲያትል ያለችው የሁላችን ታናሽ ይህን በፎቶ አይታ ኖሮ «አንድ ደህና የብስክሌት ጫማ እልክልሃለሁ፤ ቁጥርህን ንገረኝ» አለችው። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዋ ትራያትሎን የሚወዳደር ሰው ነውና፣ እሱ የሚያደርገውን ዓይነት ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ ፎቶ አንስታ ላከችለት። የልጁ ልብ ፎቶው ላይ ቀረ። ደግነቱ ከመመለሱ በፊት እኔ ዘንድ ደወለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ማንበብ ይወዳሉ። እስኪ ስለዚህ ጫማ ያንብቡልኝና የሚሻለውን ይንገሩኝ» አለኝ።

ቅኔና ልብ ወለድ ሲተነትን የኖረ ሰው ስለ ፔዳል ሲጠየቅ ምን ይላል? ሆኖም ጉዳዩ ቀልድ አልነበረም። ሲያትል ያለ ሰው የገዛው ጫማ ካልሆነው መልሶ ይቀይራል። ለእኛ የሚላክ ጫማ ግን መመለሻ የለውም። መንገደኛ ይለመናል፣ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ይገኝለታል፣ አዲስ አበባ ዘመድ ይቀበለዋል፣ ከዚያ በአውቶብስ ይሳፈራል። ጠበበ ተብሎ ይህ ሁሉ ወደ ኋላ አይዞርም። ዋጋውም ያኔ ከ100 ዶላር እስከ 400 ዶላር የሚደርስ ነበር። አንዲት የዕቃ ማጽጃ ሠራተኛ እህት ይህን ለማግኘት ስንት ሰዓት ቆማ እንደምትውል አስቡት። እንዲህ ያለ ስጦታ የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ከተበላሸ የሚበላሸው ጫማው ብቻ ሳይሆን የሰጪዋም ልብ ነው።

እናም አነበብኩ።

የብስክሌተኛ ጫማ ምሥጢሩ ሶሉ ነው፤ አይታጠፍም። የምንራመድበት ጫማ አልታጠፍም ካለ ጠላታችን ነው፤ የብስክሌቱ ግን ጠላት የሚሆነው ሲታጠፍ ነው። ብስክሌተኛ የሚረግጠው መሬት ሳይሆን ከመዳፍ ያነሰ ብረት ነውና፣ ሶሉ ለስላሳ ከሆነ ብረቱ አንዲት ቦታ ላይ እየወጋ ውስጥ እግሩን ያቃጥለዋል፣ ከጉልበቱም የተወሰነው ሶሉን በማጠፍ ያልቃል። ስለዚህ ሶሉን ከጠንካራ ናይሎን፣ ውድ ከሆነም ከካርቦን ይሠሩታል። ከሥሩ ታኬታ መሰል ነገር በብሎን ይታሰራል። ያ ታኬታ ፔዳሉ ውስጥ «ቀጭ» ብሎ ይገባና እግርና ብስክሌት አንድ ይሆናሉ። ለመውጣት ተረከዝን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ማድረግ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልበርን ኦሎምፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር። እነ ገረመው ደንቦባ የነበሩበት ቡድን በጎዳና ውድድር በቡድን ዘጠነኛ ወጥቷል። በዚያ ዘመን የብስክሌተኛ ጫማ ማለት ከቆዳ የተሰፋ፣ ሥሩ ላይ ጎድጎድ ያለ ብረት በምስማር የተመታበት ነበር። እግርም ከፔዳሉ ጋር በጠፍር ይታሰራል። ለመውረድ አስቀድሞ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን በእጅ ማላላት የግድ ነው። ከዚያ ሉክ የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ማያያዣ ሲሠራ የኖረ፣ ያንኑ ብልሃት ወደ ብስክሌት አመጣው። በርናር ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ቱር ደ ፍራንስን በዚያ ፔዳል አሸነፈና የጠፍር ዘመን ማክተም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ የጃፓኑ ሺማኖ ለተራራና ለጭቃ የሚሆን ትንሽ የብረት ታኬታ ይዞ መጣ።

የዛሬውም ምርጫ በአጭሩ ከዚሁ የመጣ ነው። አንደኛው የጎዳና ጫማ ነው። ታኬታው ሰፊ ፕላስቲክ ሆኖ በሦስት ብሎን ይታሰራል፤ ከሶሉ ሥር ወጣ ብሎ ይቆማል። ፔዳል ላይ ሰፊ መርገጫ ስለሚሰጥ ረጅም ርቀት በንጹሕ አስፋልት ለሚጋልብ ምቹ ነው። መሬት ላይ ግን የለበሰው ሰው እንደ ዳክዬ ነው የሚሄደው፤ ፕላስቲኩም በተራመዱበት ቁጥር እየተበላ ያልቃል።

ሁለተኛው የትራያትሎን ጫማ ነው። ትራያትሎን መዋኘትን፣ ብስክሌትንና ሩጫን አከታትሎ የሚያስኬድ ውድድር ነው፤ ከሲድኒ 2000 ጀምሮ የኦሎምፒክ ስፖርት ሆኗል። በኦሎምፒኩ ርቀት 1,500 ሜትር ይዋኛል፣ 40 ኪሎ ሜትር ይጋለባል፣ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከውኃ ወጥቶ ብስክሌት ላይ መውጣት፣ ከብስክሌት ወርዶ መሮጥ ሁሉ በሰዓት ይቆጠራል። ስለዚህ ጫማው ክር የለውም፤ በአንድ ወይም በሁለት ሰፊ ቬልክሮ ጥርቅ ይላል። ያለ ካልሲ የሚደረግ በመሆኑ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ ውኃና ላብ የሚያወጣ ቀዳዳ አለው፣ ተረከዙ ላይ እንደ ጆሮ ያለች መጎተቻ አለችው። ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ጫማውን አስቀድመው ፔዳሉ ላይ ይሰኩትና ያቺን ጆሮ በስስ ላስቲክ ከብስክሌቱ ጋር ያስሯታል። ከዚያ በባዶ እግራቸው እየሮጡ መጥተው ዘለው ይወጣሉ፤ እግራቸውን የሚያስገቡት ብስክሌቱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። በስንት መቶ ዶላር የተገዛ ጫማ ፔዳል ላይ ተንጠልጥሎ ባለቤቱን በባዶ እግሩ ሲጠብቅ!

ሦስተኛው የተራራ ጫማ ነው። ታኬታው ትንሽ ብረት ሆኖ በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ በዙሪያው ካለው የጎማ ጥርስ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ ሰው እንደ ሰው ይራመድበታል። ጭቃም ብዙ አያግደውም።

ልጁ ይህን ሁሉ ስነግረው የትራያትሎኑን ነው የሚደግመው። «ጋሼ፣ ጣናን ዋኝቶ፣ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር በብስክሌት ወጥቶ፣ ጉና ሥር መሮጥ ቢጀመርስ?»

«ጣና ውስጥ ጉማሬና ቢልሃርዚያ አለ።»

«እሱስ አለ» ይልና ዝም ይላል። ህልሙን ግን አላወረደም። መኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የመቀሌው ልጅ የፅጋቡ ግርማይ ፎቶ ተለጥፏል። ፅጋቡ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ ህልም ነው ብዬ ላጣጥለው አልፈለግኩም። ጥያቄው ህልሙ ልክ ነው አይደለም ሳይሆን ጫማው ለየትኛው መንገድ ነው የሚለው ነበር።

መልሱን ያገኘሁት በዚያው ሰሞን ለዘመድ ጥየቃ ደብረ ታቦር ሄጄ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ጋፋት አብረን ሄድን፤ እኔ በእግሬ፣ እሱ ብስክሌቱን ይዞ። መንገዱ ላይ ስንት ጊዜ ከብስክሌቱ ወርዶ እንደሚራመድ መቁጠር ጀመርኩ። ከብት ሲያቋርጥ ወረደ። ጭቃ ሲያጋጥመው ወረደ። ጠጠሩ ሲበረታ ወረደ። ከሁሉ በላይ ግን የሚወርደው ሽማግሌ ሲያገኝ ነው። ያ አገር አባት ሲመጣ ከበቅሎ የሚወረድበት አገር ነው። በቅሎው ብረት ስለሆነ ሥርዓቱ አልተለወጠም። ልጁ ይወርዳል፣ ጎንበስ ይላል፣ «እንዴት አደሩ አባባ» ይላል፣ ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ ምርቃት ተቀብሎ ጥቂት በእግሩ ይሄድና እንደገና ይወጣል። አሥራ አንድ ጊዜ ወረደ። በፎቶው ላይ ያለውን ነጭ ጫማ አስቤ ሳቄ መጣ። በዚያ ጫማ አሥራ አንድ ሽማግሌ እጅ ይነሳና ታኬታው እዚያው ጋፋት ላይ ያልቃል። ደብረ ታቦር ላይ ምትኩን ከየት ያመጣዋል?

ጋፋት ደርሰን ተቀመጥን። ስለ ጋፋት ለአንባቢ ብዙ መንገር አያስፈልግም። አፄ ቴዎድሮስ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡትን እነ ቫልድማየርንና ሌሎችን ባለ እጆች እዚህ አስቀምጠው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ሲያልቅ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ሆነ። ለዚህ ክብደት የሚሆን መንገድ ግን አልነበረም። ስለዚህ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሡ። መድፉ መንኮራኩር ባለው ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ ሕዝብ እየጎተተው፣ ገደሉ እየተናደ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ።

«ገባህ?» አልኩት ልጁን። «ንጉሡ ዕቃውን አስቀድመው መንገዱን ለዕቃው ሠሩለት። ንጉሥ ስለሆኑ ቻሉ፤ ያውም በስንት ሰው ላብ። አንተ ግን ለጫማህ ብለህ ከወረታ እስከ ጋፋት መንገድ ልትጠርግ አትችልም። መንገዱ አለ፤ ጭቃው አለ፤ ሽማግሌዎቹ አሉ። ጫማው ነው መምጣት ያለበት።»

ትንሽ አሰበና «እንግዲያው የተራራው ነው» አለ። ፊቱ ላይ ነጩ ጫማ ሲሰናበተው አየሁት።

ዓይነቱ ተወሰነ፤ ከባዱ ነገር ግን ገና ነበር። ቁጥሩ ስንት ነው?

«44» አለኝ ሳያመነታ። ቁመቱ እንደ እኔ መካከለኛ ነውና ገረመኝ። ማታ፣ እግር በቀን ውሎ ካበጠ በኋላ፣ ካልሲውን አድርጎ ነጭ ወረቀት ላይ አቆምኩት። እርሳሱን ቀጥ አድርጌ እግሩን ዞርኩበት። ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት 26.5 ሴንቲ ሜትር። በብዙ የብስክሌት ጫማ ሠሪዎች ሰንጠረዥ ይህ 42 ነው እንጂ 44 አይደለም። ታዲያ 44 ከየት መጣ? ከስፋቱ። ልጁ በልጅነቱ በባዶ እግሩም በኮንጎ ጫማም የሮጠ ነው፤ እግሩ ከፊት በኩል እንደ መዳፍ ተዘርግቷል። በባዶ እግሩ ያደገ ሰው ጣቶቹ አካባቢ ሰፋ እንደሚል አጥኚዎችም የሚሉት ነው። ገበያ ላይ ያለው ጫማ ጠባብ ሲሆንበት ስፋት ለማግኘት ሲል ቁመት ሲገዛ ኖሯል። ለመራመጃው ምንም አይደል፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ይጎሰጎሳል። ብስክሌት ላይ ግን ይህ ጣጣ ነው። ታኬታው ከአውራ ጣት ሥር ካለው ጉብታ ግርጌ መቀመጥ አለበት፤ እግር ጫማው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ካለ ቦታውን ይስታል፣ ሥቃዩም ጉልበት ላይ ይወጣል።

መርካቶ ሸራ ተራ ያሉ ጫማ ሰፊዎች ጫማ የሚወጥሩበትን የእግር ቅርጽ «ፎርማ» ይሉታል። ዓለም ላይ ያለ ጫማ ሁሉ የአንድ ሰው እግር ታስቦ በተቀረጸ ፎርማ ላይ ነው የሚሠራው። ያ ሰው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የጎንደር ሰው አይደለም። የጣሊያኑ ፎርማ ጠበብ ይላል እየተባለ ይታማል። አንዳንድ ሠሪዎች ደግሞ፣ ሺማኖንና ሌክን የመሳሰሉት፣ በተመሳሳይ ቁጥር ሰፊ የሚባል ዓይነት ያወጣሉ። የሚፈለገው እንግዲህ 42 ሰፊ ነበር። ልኩ ራሱ የየአገሩ ነው። የአውሮፓ ቁጥር አንዱ እርከን የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። የእንግሊዞች ቁጥር ደግሞ የሚለካው በገብስ ፍሬ ርዝመት ነው፤ አንድ ቁጥር አንድ ገብስ፣ ማለትም የኢንች ሲሶ። ይህን ለልጁ ስነግረው ሳቀ። ጉና ሥር ገብስ ሲያጭድ ያደገ ልጅ እግሩ በገብስ እንደሚለካ አያውቅም ነበር።

የአበበ ቢቂላንም ነገር በዚህ ዓይን ማየት የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። እኛ ታሪኩን የድህነት ወይም የተአምር ታሪክ አድርገን ነው የምናወራው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጫማ ቀርቦለት ነበር፤ ከቀረበለት ውስጥ ለእግሩ የሚመች አጣ። በባዶ እግሩ መሮጥን ደግሞ ልምምድ ላይ ያውቀዋል። ስለዚህ የማይሆነውን ጫማ ትቶ የሚሆነውን እግር ይዞ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠና እንደገና አሸነፈ። ስለዚህ አበበ የጫማ ጠላት አልነበረም። የሮሙ ውሳኔ ጫማ የመምረጥ ውሳኔ ነበር፤ ለእኔ ከዚያ የተሻለ የጫማ ምርጫ በታሪክ የለም።

ይህን ስል ባዶ እግርን እያመሰገንኩ እንዳይመስልብኝ። በልጅነቴ ሰፈራችን እግራቸው ያበጠ አንዲት እናት ነበሩ። ሰው እርግማን ነው ይል ነበር፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ጥግ ይዘው ነበር የሚቀመጡት። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ሲያጠና ኖሮ ያረጋገጠው ግን ሌላ ነው። ይህኛው ዝሆኔ እርግማንም ተላላፊም አይደለም። በደጋው፣ ዝናብ በሚበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። የሚያሳዝነው ነገር፣ እግሩ ካበጠ በኋላ ሰው ጫማ ልግዛ ቢልም በልኩ የተሠራ የለም። ከሁሉ በላይ ጫማ የሚያስፈልገው ሰው ገበያ ላይ ቁጥር የሌለው ሰው ነው። ወላይታ ሶዶ ላይ ለእነዚህ ሕሙማን በየእግራቸው ልክ ጫማ የሚሰፋበት ሥራ እንዳለ ሳውቅ፣ ጫማ ለእግር ሲሰፋ ምን ማለት እንደሆነ የገባቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው አልኩ።

እህቴ ይህ ሁሉ ሲወራ ጀበናዋን ጥዳ ዝም ብላ ትሰማለች። መጨረሻ ላይ «ወንድም ዓለም» አለችኝ፤ «በዚህ ገንዘብ ስንት ነገር ይገዛ ነበር። እሺ፣ የእሷ ገንዘብ ነው፣ የእሱም ህልም ነው፣ አልከለክልም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይራመድበታል?»

እኔ ስንት ገጽ አንብቤ፣ እስከ ጋፋት ተጉዤ የደረስኩበትን ጥያቄ እሷ በአንድ ቃል ጨረሰችው። «ይራመድበታል» አልኳት። «እንግዲያው ይምጣ» አለች።

ለሲያትል የላክነው መልእክት ይህን የመሰለ ነበር፦ የእግሩ ሥዕል ከነቁመቱና ከነስፋቱ፤ የተራራ ጫማ፣ ባለ ሁለት ብሎን፣ 42 ሰፊ። ሶሉ ናይሎን ይበቃል፤ ካርቦን አያስፈልግም። ማሰሪያው ክር ወይም ቬልክሮ ይሁን። በሽቦ የሚጠበቅ፣ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ የሚዞር ማሰሪያ ያለው አይሁን፤ ክር ቢበጠስ የትም ሱቅ አለ፣ ቬልክሮ ቢላቀቅ ጫማ ሰፊው ይሰፋዋል፣ ያ ቁልፍ ቢሰበር ግን ጫማው አለቀ ማለት ነው። ደግሞም አይረሳ፤ ጫማው ብዙ ጊዜ ያለ ታኬታ ነው የሚሸጠው። ታኬታው የሚመጣው ከፔዳሉ ጋር ነው። ስለዚህ ፔዳሉም አብሮ ይላክ፤ ያለ እሱ ጫማው ጌጥ ነው።

መጣ። ጥቁር ነው፣ አያብረቀርቅም። ልጁ መጀመሪያ ቅር አለው፤ ሲያደርገው ግን ፊቱ ተለወጠ። ጣቶቹ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከግቢው አጥር ጋር ተደግፎ መግባትና መውጣትን ሲለማመድ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ግን ገበያው መሐል ሊቆም ሲል ተረከዙን መጠምዘዝ ረሳና ከነብስክሌቱ እንደ ግንድ ወደቀ። ሕፃናቱ «ብስክሌቱ ያዘው! ብስክሌቱ ያዘው!» እያሉ ጮኹ። ይህ የሁሉም ጀማሪ ጥምቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ወረታ ወርዶ ሲመለስ ሽቅቡ ላይ ውስጥ እግሩ መቃጠሉ ቀረ። ምን ያህል ፈጠነ አትበሉኝ፤ ጉልበቱን ሳያመው መመለሱ ለእኔ በቂ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ፣ ጦርነቱ እስከ ደብረ ታቦር ደጃፍ ከደረሰ ጀምሮ፣ ያ መንገድ ሰላም ያጣባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። ልጁም እንደ ልቡ ያልጋለበባቸው ወራት ብዙ ናቸው። መኪና በቆመባቸው ቀናት ግን ብስክሌቱን እየገፋ ለእናቱ እህል ያመጣው በዚያው ጫማ እየተራመደ ነው። እናቱ «ይራመድበታል?» ያለችው ያኔ ይህ ይመጣል ብላ አልነበረም።

ነገሩን ሳሰላስለው ጫማ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። እኛ ብዙ ነገር በፎቶ አይተን ያዘዝን ሕዝብ ነን። ሥርዓተ ትምህርቱም፣ የመሥሪያ ቤቱ መዋቅርም፣ የከተማው ፕላንም ከሌላ ፎርማ ላይ ተወጥሮ ይመጣል። ሲያቆስለን «ሲደረግ ይለቃል» እንባላለን። ካልለቀቀም ጥፋቱ የእግራችን ይሆናል፤ እግራችን ሰፊ ነው፣ ኋላ ቀር ነው፣ አልሠለጠነም ይባላል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት የተነገረው ወርቁ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የሰው ነገር አይምጣ ማለትም አይደለም፤ የልጁ ጫማ የተሠራው ባሕር ማዶ ነው። ልዩነቱ፣ ከማዘዛችን በፊት አንድ ወረቀት ዘርግተን እግራችንን መሳላችን ነው።

እንግዲህ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ለወንድም ለእህት ጫማ የምትልኩ ሁሉ፣ የብስክሌትም ይሁን የሠርግ፣ አደራ፦ ቁጥር አትጠይቁ። ሰው ቁጥሩን ሲጠየቅ የሚናገረው ያለፈውን ጫማውን እንጂ እግሩን አይደለም። ማታ ላይ፣ ካልሲ አድርጎ፣ ወረቀት ላይ ቆሞ የተሳለ የሁለት እግር ሥዕል ላኩልኝ በሉ። የሁለት ያልኩት አንዱ እግር ከሌላው ስለሚበልጥ ነው። ልክ የሚወሰደውም በትልቁ ነው።